ቃሩ ሲጠፋ አትዘናጉ፦ የባሬት ሕመምን በመድኃኒት፣ በማዕድና በአኗኗር መያዝ

19 ዓመት በጂቡቲ መስመር ተሳቢ ነድቻለሁ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ብሎኬት አመርታለሁ። ሐኪም አይደለሁም። 58 ዓመቴ ነው፤ የምግብ ቧንቧዬ የታችኛው ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽፋኑ ተለውጧል፤ የባሬት ሕመም የሚባለው ይህ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሐኪሜ፣ ከባለቤቴና ከነፍስ አባቴ ጋር እየተመካከርኩ ይህን ሕመም ይዤው እኖራለሁ። ብሎኬት ሊገዛ የመጣ ሰው ደረቱን እያሻሸ «ጨጓራዬ ነው» ሲለኝ ሥራዬን አቁሜ የምነግረውን ነው እዚህ የጻፍኩት።

አስቀድሜ ስለ መኪናዬ ልንገራችሁ። አንድ ቀን አዋሽን አልፈን ወደ ገዋኔ ስንጓዝ፣ ሲወጣ የቆየው የሞተር ሙቀት መለኪያ ድንገት ወረደ። በረደልኝ ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ። ጥቂት እንደሄድን ረዳቴን የተቃጠለ ነገር ሸተተው። ቆመን ስናይ ቱቦው ፈንድቶ የራዲያተሩ ውኃ ፈስሶ አልቋል። መለኪያው የወረደው የሚለካው ውኃ ስላጣ ነበር፤ ሞተሩ ግን በባዶው ይነድ ነበር።

በደረቴም የደረሰው ይኸው ነው። ከ30 ዓመቴ ጀምሮ ቃር ነበረብኝ። ሚሌ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጥብስ በአዋዜ በልቼ፣ ሲጋራዬን አጭሼ፣ ጋቢናው ውስጥ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዬ እጋደም ነበር። ሌሊት ጎምዛዛ ውኃ ጉሮሮዬ ድረስ ወጥቶ ትን እያለኝ እነቃለሁ። አንድ ክሊኒክ በተለያየ ጊዜ ሦስት ዙር የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ቧንቧዬን ግን ማንም አላየውም። የቀረውን ዘመን በፌጦና በማር፣ በሶዳና በወተት፣ ሲያቃጥለኝም በአሲድ መቀነሻ እንክብል ገፋሁት። በ2013 ዓ.ም. አካባቢ ቃሩ እየራቀ መጣ፤ ከዚያም ጠፋ። ፌጦው ፈወሰኝ ብዬ ለሰው ሁሉ ነገርኩ።

ነርስ የሆነችው ልጄ ግን ደስታዬን አልተጋራችም። «አባዬ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ቃሩ የቆየበት ዘመን ነው፤ አሁን መጥፋቱ አያጽናናኝም» አለች፤ ስትወተውተኝ ቆይታም ለምርመራ ወሰደችኝ። የተለወጠው ሽፋን ከጤነኛው ይልቅ ለአሲድ ያለው ስሜት የደከመ ሊሆን እንደሚችል የሰማሁት በዚያን ጊዜ ነው። መለኪያው ወርዶ ነበር፤ እሳቱ ግን እንዳለ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁን ነገር ሁሉ እኔ በሁለት መዝገብ ነው የማስቀምጠው። አንዱ የሚያሳርፍ ነው፤ ማቃጠሉን ያበርዳል፣ እንቅልፍ ይሰጣል። ሌላው የሚጠብቅ ነው፤ አሲዱን ከቧንቧው ያርቃል፣ የተለወጠውን ሽፋን በየጊዜው ያያል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ የሌላውን ቦታ ሲወስድ ነው ጉዳት የሚመጣው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የምግብ ቧንቧ የውስጥ ሽፋን አፋችንን ከውስጥ እንደሚሸፍነው ያለ ነው፤ ምግብ ለማሳለፍ እንጂ አሲድ ለመቋቋም አልተሠራም። ቧንቧው ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ቀለበት የሚያጠብቅ ጡንቻ አለ፤ ሆድንና ደረትን የሚለየው የትንፋሽ ጡንቻም ከዙሪያው አቅፎ ያግዘዋል። ይህ መዝጊያ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ለዓመታት ሲመላለስ በአንዳንድ ሰው ላይ የቆሰለው ሽፋን በሌላ፣ የአንጀትን በሚመስል ሽፋን ይተካል። ይህ የባሬት ኢሶፋገስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ለንደን ውስጥ ይሠራ ከነበረው ከቀዶ ሐኪሙ ኖርማን ባሬት ነው፤ እርሱ ስለዚህ ጉዳይ የጻፈው በ1950 እ.ኤ.አ. ነበር።

ባሬት ካንሰር አይደለም። ወደ ካንሰር የሚወስድ መንገድ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ግን በመንገዱ አይሄድበትም። ሴሎቻቸው ገና መልካቸውን ካላዛቡ 1,000 ሕሙማን መካከል በአንድ ዓመት ወደ ካንሰር የሚሸጋገርባቸው ከ5 ያነሱ ናቸው። ሐኪሜ ይህን ሲነግረኝ ነው ከሳምንት በኋላ ደኅና እንቅልፍ የተኛሁት። እናንተም ውጤታችሁን ስትሰሙ ይህን ቁጥር አስታውሱ።

በአርሲና በባሌ በኩል በብዛት የሚታወቀው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሌላ ዓይነት ነው፤ ከባሬት አይመጣም። ስለ እርሱም አንድ ነገር ልበል፦ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ምናልባት ለቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ሻይም ሆነ አጥሚት እስኪበርድ ጠብቁ፤ ገንፎም ቢሆን እየፋጀ ወደ አፍ መግባት የለበትም።

በመጀመሪያ መታየት

በምግብ ለውጥም ሆነ በባህል መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት መታየት ይገባችሁ እንደሆነ ቁጠሩ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ፣ ሥር የሰደደ ቃር ያለበት ሰው ከሚከተሉት ሦስቱ ከተገኙበት በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ቢታይ ይመከራል፦ ወንድ መሆን፣ 50 ዓመት ማለፍ፣ ሲጋራ ማጨስ ወይም ቀድሞ ማጨስ፣ ውፍረት፣ ከቅርብ ቤተሰብ ባሬት ወይም የቧንቧ ካንሰር ያለበት ሰው መኖር። ሕመሙ በነጮች ላይ ስለሚበዛ ነጭ መሆንም አብሮ ይቆጠራል። ልጄ እኔ ላይ አራት ቆጠረች።

ምርመራው ጥቁር አንበሳንና ቅዱስ ጳውሎስን በመሳሰሉ ሆስፒታሎች ይሠራል፤ በግልም አለ። ለ8 ሰዓታት ያህል ሳይበሉ ይኬዳል። ጉሮሮ በሚረጭ ማደንዘዣ ይደነዝዛል፣ በግራ ጎን ይተኛሉ፣ ጥርስ መሣሪያውን እንዳይነክስ አፍ ላይ ቀለበት ይደረጋል። የሚያስተኛ መርፌ ከተሰጣችሁ የሚሸኛችሁ ሰው ይኑር፤ በዚያን ቀን መኪና አትንዱ። ማቅለሽለሽ አለው፤ ሕመም ግን አልተሰማኝም። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይረዳል።

ዋናው ነገር የምትቀበሉት ወረቀት ነው። «ባሬት አለ» የሚል ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። የተለወጠው ሽፋን ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይጻፍ። ሐኪሞች በሁለት ፊደል ይጽፉታል፤ ሲ ዙሪያውን ሙሉ የተለወጠውን፣ ኤም ደግሞ እንደ ምላስ ወደ ላይ የወጣው የተለወጠ ሽፋን እስከ የት እንደደረሰ ይለካል። የእኔ ሲ 2 ኤም 4 ይላል። ናሙና ከስንት ቦታ እንደተወሰደም ጠይቁ፤ ደንቡ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ከአራት ማዕዘን መውሰድ ነው። ከላቦራቶሪ በሚመጣው ውጤት ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፦ የሴሎች መዛባት አለ ወይስ የለም? ቀጣዩ ነገር ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ይቆማል። መዛባት ከሌለና ርዝመቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በ5 ዓመት፣ 3ና ከዚያ በላይ ከሆነ በ3 ዓመት ተመልሶ መታየት ነው። ከባድ መዛባት ከተገኘ የተለወጠው ሽፋን በኢንዶስኮፒው በኩል ይነሣል ወይም በሙቀት ይቃጠላል፤ ቀላሉ ደግሞ ይታከማል ወይም በቅርብ ይታያል። ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከቤት ካርታችሁ ጋር አስቀምጡ።

መድኃኒቱን በሰዓቱ

ኦሜፕራዞል የተባለውን የአሲድ መቀነሻ እንክብል ለዓመታት ስውጠው የኖርኩት በተሳሳተ ሰዓት ነበር። ያቃጠለኝ ጊዜ፣ እራት ከበላሁ በኋላ እወስደው ነበር። ይህ መድኃኒት በጨጓራ ውስጥ ያለውን ቃጠሎ የሚያበርድ አይደለም። በደም ሄዶ አሲድ የሚያመነጩትን ፓምፖች ይዘጋል፤ የሚዘጋቸውም ሥራ ሲጀምሩ ነው፤ ሥራ የሚጀምሩት ደግሞ ምግብ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ይወሰዳል። እኔ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እውጠዋለሁ፤ ማሽኖቹን ዘይት ቀብቼ፣ ሠራተኞቹ ሲገቡ ቁርስ ይደርሳል። እንክብሉ አይፈጭም፣ አይታኘክም።

መጀመሪያ ላይ ቧንቧዬ ቆስሎ ስለነበር በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘልኝ፤ ቁስሉ ሲድን በቀን አንድ ሆነ። የባሬት ሰው ቃር ባይሰማውም እንኳ መድኃኒቱን ብዙውን ጊዜ ይቀጥላል። ይህ ከሚጠብቀው መዝገብ ነው። በብሪታንያና በካናዳ 2,557 የባሬት ሕሙማንን ለዘጠኝ ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር፤ ከፍ ያለ መጠን ኢሶሜፕራዞል (የኦሜፕራዞል ዘመድ) የወሰዱት ዝቅ ያለውን ከወሰዱት ተሽለው ተገኝተዋል፤ አስፕሪን የተጨመረላቸው ደግሞ ይበልጥ። ይህን ሰምቶ አስፕሪን በራሱ የጀመረ ጎረቤት አለኝ፤ ተዉ ብዬ አስቆምኩት። አስፕሪን ጨጓራ ያደማል፤ መጠኑንም ሆነ አስፈላጊነቱን የሚወስነው ሐኪም ነው።

ረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጣጣም አለው። የቫይታሚን ቢ 12 እና የማግኒዥየም መጠን ሊወርድ ይችላል፤ በተለይ አብዛኛውን ዓመት ለሚጾምና ሥጋ ለማይቀምስ ሰው ቢ 12 መመርመር ይገባል። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ እታያለሁ። በድንገት ማቆም ደግሞ አሲዱን ገንፍሎ እንዲመለስ ያደርጋል፤ መቀነስ ካስፈለገ ከሐኪም ጋር በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ስለ ጾም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ እኔም ተጨንቄበት ነበር። የነፍስ አባቴን ስጠይቃቸው መድኃኒት ለታመመ ሰው የተፈቀደ እንደሆነ ነግረው፣ አቅሜን አይተው በሁዳዴ እስከ 6 ሰዓት ብቻ እንድቆይ ወሰኑልኝ። ስለዚህ በጾም ቀን መድኃኒቱን 5 ሰዓት ላይ በውኃ እወስድና 6 ሰዓት እበላለሁ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ መውሰጃውን 8 ሰዓት አድርጉት፤ ሁለት ጊዜ የታዘዘላችሁ ግን አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ረመዳን የሚጾመው የማሽን ባለሙያዬ ማፍጠሪያው ሲደርስ በውኃና በአንድ ተምር ያፈጥርና መድኃኒቱን ወስዶ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ ዋናውን ምግብ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይበላል። በሁለቱም ጾም የሚጎዳው ሆድ ባዶ መዋሉ ብቻ አይደለም፤ ሲፈታ በአንድ ጊዜ መጫኑና በላዩ መተኛቱ ነው።

ሌሎች መድኃኒቶቻችሁንም ለሐኪሙ አሳዩ። ለወገብ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ሽፋኑን ይጎዳል። እንደ ኒፌዲፒን ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች መዝጊያውን ሊያላሉ ይችላሉ፤ በራሳችሁ አትተዉ፣ ተጠያየቁበት። ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ያቆስላል፤ ቆማችሁ ወይም ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ውሰዱት፤ ወዲያውም አትተኙ።

ማዕድ

ከሰው የሰማችሁትን የክልክል ዝርዝር ሁሉ በአንድ ቀን ከጀመራችሁ በሳምንቱ ትተዉታላችሁ። ይልቅ ለአንድ ወር ደብተር ያዙ። እኔ የጭነት መዝገብ እይዝ እንደነበረው ሦስት ዓምድ አሠመርኩ፦ ምን በላሁ፣ ስንት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ምን ተሰማኝ። ደብተሩ ያልጠበቅኩትን ነገረኝ። እንጀራን እወነጅለው ነበር፤ የኮመጠጠ ነውና። እንጀራ በምሳ ሰዓት አንድም ቀን አላቃጠለኝም፤ ያው እንጀራ በምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ግን ያቃጥለኛል። ጠላቴ ሰዓቱና ብዛቱ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ለውጥ ለቤተሰቡ ሁሉ ሆነ። እራት 12 ሰዓት ተኩል፣ መኝታ 4 ሰዓት። በእራትና በመኝታ መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት። ይህን አንድ ነገር ብቻ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል ብዬ አምናለሁ። በከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ቀላል አይደለም፤ ከመርካቶ ወይም ከቦሌ ተነሥቶ በታክሲ ሰልፍ ቱሉ ዲምቱ እስኪደርስ 2 ሰዓት ተኩል የሚሆንበት ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የምመክረው ዋናውን ምግብ ቀን መብላት፣ ከሥራ ሲወጣ የቋጠረውን ዳቦ ወይም ቆሎ መቅመስ፣ ማታ አንድ ኩባያ ለብ ያለ የአጃ አጥሚት ጠጥቶ መቆየት ነው።

ከዚያ ቅባት። ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ለመውረድ ይዘገያል። ክትፎና ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ በበዓል ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ በልክ እበላለሁ፤ ማታ አልነካም። በጾም ወራትም ዘይቱ እንዳይረሳ፤ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ጾም ስለሆኑ ብቻ ለቧንቧ አይስማሙም። ባለቤቴ ሽንኩርቱን በጥቂት ውኃ እያበሰለች ዘይቱን በመጨረሻ በማንኪያ ለክታ ትጨምራለች። ክክ አልጫ፣ ድንች በካሮት፣ ጎመን፣ ዱባ፣ የገብስ ቂንጬ፣ በሶ፤ እነዚህ ቤታችንን ሞልተውታል። በርበሬን ከነጭራሹ አላስወጣሁትም፤ ሽሮዬ ቀይ ነው፣ ነገር ግን ፈዘዝ ያለ። ሚጥሚጣ፣ ዳጣና ጥሬ ቃሪያ ግን ደብተሩ በግልጽ ስለመሰከረባቸው ወጥተዋል። የእናንተ ደብተር ሌላ ሊናገር ይችላል፤ እርሱን እመኑ።

ቡናን በተመለከተ ሰው ሁሉ ለእኔ ያዝንልኛል። አልተውኩም። በባዶ ሆድ አልጠጣም፤ ከምሳ በኋላ አቦሉን ብቻ፣ ጠጥቼም ቁጭ ብዬ እጫወታለሁ። አምቦ ውኃ ግሳት አምጥቶ ያቀለለ ይመስላል፤ ጋዙ ግን ሆድን ነፍቶ አሲዱን ይዞት ይወጣል። ጫት የጨጓራን መውረድ ያዘገያል፤ በመስመር ላይ ሳለሁ ከለስላሳና ከሲጋራ ጋር አብሬ እቅም ነበርና ጉዳቱን አውቀዋለሁ። ሲጋራውን በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ተውኩት። አረቄም እንዲሁ።

ክብደት ቀንሱ የሚለውን ምክር እንደ ዘበት አትስሙት። የሆድ ስብ ጨጓራን ከታች ወደ ላይ ይገፋል። በአንድ ዓመት 9 ኪሎ ቀነስኩ፤ ያደረግኩት ከእራት በኋላ ከባለቤቴ ጋር እስከ ኮዬ ፈጬ አቅጣጫ ግማሽ ሰዓት በዝግታ መራመድና የማታውን እንጀራ በግማሽ መቁረጥ ነው።

የእናቶቻችን መድኃኒት

እዚህ ላይ ሁለቱ መዝገቦች እንዳይምታቱ። ከሚከተሉት አንዱም የተለወጠ ሽፋን እንደሚመልስ አልታወቀም። አንዳንዱ ያሳርፋል፣ አንዳንዱ ይጎዳል።

ተልባ የሚያሳርፍ ነው። ተቆልቶ ተወቅጦ በለብታ ውኃ ሲበጠበጥ የሚወጣው ልጋግ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ሆድ ድርቀትንም ያስታግሳል። ከመድኃኒት ጋር በአንድ ጊዜ አትጠጡት፤ ልጋጉ መድኃኒቱን ሊይዘው ስለሚችል ሁለት ሰዓት ያህል አራርቁ። አብሽም በደንብ ታጥቦ ምሬቱ ሲወጣለት እንደዚሁ ለስላሳ ነው፤ ስኳር ግን ሊያወርድ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይጠንቀቅ።

ፌጦን በጣም እወደው ነበር፤ ስለተለየሁት አዝኛለሁ። የሚያቃጥለው ከሰናፍጭ ጋር የሚዛመድ ስለሆነ ነው። ለቆሰለ ቧንቧ በባዶ ሆድ ፌጦ መጋት ቁስል ላይ በርበሬ መነስነስ ነው። ነጭ ሽንኩርት ከነጥሬው በማር መዋጥም እንደዚሁ። ዝንጅብል በሻይ ውስጥ ስስ አድርጎ ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው፤ በርከት ሲል ግን ራሱ ያቃጥላል። ናና ሆድ ያረጋጋል፤ ነገር ግን መዝጊያውንም ያላላል፣ ለቃር አይሆንም።

ሶዳ ወዲያው ያሳርፋል፤ ለዚህም ነው አታላይ የሆነው። ሶዲየሙ ብዙ ነው፤ ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት አይንካው። ወተት ሲጠጡት ያበርዳል፣ ቆይቶ ግን ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል። የእሬት ቢጫ ፈሳሽ ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ነገር ነው፤ ቅጠሉን ቆርጦ መጠጣት አይገባም። ድንገተኛ ቃር ሲያስቸግራችሁ ከፋርማሲ የሚገኘው ከባሕር ተክል የሚሠራ አልጂኔት የተባለ ፈሳሽ ከምግብ በኋላ በጨጓራው ላይ እንደ ክዳን ተንሳፍፎ ይከላከላል፤ ከሶዳ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

ጸበል እጠጣለሁ፤ እምነቴ ነው። መድኃኒቴን ግን አላቋርጥም፤ የነፍስ አባቴም አቋርጥ አላሉኝም። አቋርጡ የሚላችሁ ሰው ካለ ለራሳችሁ አባት ንገሩ።

አልጋ፣ ወገብና ትንፋሽ

ትራስ መደራረብ ጥቅም የለውም፤ ሰውነት ወገቡ ላይ ታጥፎ ሆድን ይጨምቃል። ከፍ ማለት ያለበት አልጋው ነው፤ በራስጌ በኩል ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር። ብሎኬት ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ቀዳዳው ወደ ታች ወደ ላይ ሆኖ፣ ግድግዳ ላይ እንደሚቀመጥ አቁሙት፤ በጎኑ ካስተኛችሁት ሊሰነጠቅ ይችላል። በላዩ ወፈር ያለ ጣውላ አድርጉበት፤ አለዚያ የአልጋው እግር ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። የግርጌው እግር እንዳይንሸራተት ከሥሩ የድሮ ጎማ ቁራጭ አንጥፉ። አብሯችሁ የሚተኛ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለሁለታችሁም እንግዳ ናቸው። ከዚያ በግራ ጎን ተኙ። ጨጓራ ወደ ግራ የተንጠለጠለ በመሆኑ በግራ ስትተኙ አሲዱ ከመዝጊያው በታች ይቀራል፤ በቀኝ ስትተኙ መዝጊያው ላይ ይፈሳል።

ሆድን የሚያስር ነገር ሁሉ አሲድ ይገፋል። እናቶች ከወለዱ በኋላ አጥብቀው የሚታጠቁት መቀነት፣ የእኛ ጠበቅ ያለ ቀበቶ፣ ሁለቱም። ጠግቦ ማጎንበስም እንዲሁ ነው፤ እንጀራ ሲጋገር፣ ልብስ ሲታጠብ፣ ሲታረም። እኔ ብሎኬት የማነሣበትን ሥራ ከምሳ በፊት አድርጌዋለሁ፤ ማንሣት ካለብኝም በጉልበቴ ቁጢጥ ብዬ፣ ትንፋሼን ሳልይዝ ነው። በሁዳዴ የሚሰግድ ሰው ስግደቱን ከመብላቱ በፊት ቢያደርገው ለቧንቧውም ይሻለዋል፤ ሥርዓቱም ይኸው ነው።

ትንፋሹን መጀመሪያ ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር። ኦስትሪያ ውስጥ በጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ በሆድ የመተንፈስ ልምምድ ያደረጉት ሰዎች ቧንቧቸው ውስጥ የሚገባው አሲድ ቀንሷል። ምክንያቱ መዝጊያውን ያቀፈው ያ የትንፋሽ ጡንቻ መጠንከሩ ነው። በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንዱን እምብርት ላይ አድርጉ። በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ስትስቡ የሚነሣው የእምብርቱ እጅ ብቻ ይሁን። በአፍ ቀስ ብላችሁ አውጡ። እኔ ጠዋት መድኃኒቴን ውጬ ቁርስ እስኪደርስ 15 ደቂቃ፣ ከእራት በፊት ሌላ 15 ደቂቃ እሠራለሁ። ከበላችሁ በኋላ ተኝታችሁ አትሞክሩት። ለውጡን ያየሁት በወሩ ነው፤ ምግብን ተከትሎ የሚመጣው ግሳት ቀነሰልኝ።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም

ምግብ ሲወርድ የሚያዝ ወይም የሚያንቅ ከሆነ፣ ሳትፈልጉ ከከሳችሁ፣ ደም ካስመለሳችሁ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ የደም ማነስ ከተገኘባችሁ፣ ደብተርም ሆነ ተልባ አያስፈልግም፤ በዚያው ሳምንት ታዩ። ደም ማስመለስና የጠቆረ ሰገራ ግን ሳምንት አይጠብቁም፤ በዚያው ቀን ነው። ደረት ተጨንቆ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚወርድ፣ ላብ የሚያመጣ ሕመም ሲሆን ቃር ነው ብላችሁ አትተኙበት፤ ልብ ሊሆን ይችላልና ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የእኔ ሁለተኛ ምርመራ ባለፈው ጥቅምት ነበር። ርዝመቱ ያው 4 ሴንቲ ሜትር፣ ቁስሉ ድኗል፣ የሴል መዛባት የለም። ቀጣዩ ጥቅምት 2021 ዓ.ም. ነው፤ የሲሚንቶ መጋዘኑ በር ላይ በቀለም ጽፌዋለሁ፣ ልጄም ስልኳ ላይ ይዛዋለች። እናንተም ቀኑን ከእናንተ ሌላ አንድ ሰው እንዲያውቀው አድርጉ፤ ቃር የሌለበት ሰው ቀጠሮውን በራሱ አያስታውስም።